41 ቴስት ኬዝ በአንድ ደቂቃ፣ ግን ቆይ እስኪ

ቴስት ኬዝ የሚጽፍ የኤአይ መሣሪያ አለ። መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን ሰባት መስመር የማትሞላ መስፈርት፣ ማለትም ሲስተሙ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍ፣ ለጠፍኩለት። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ 41 ቴስት ኬዝ፣ ማለትም ሲስተሙ በትክክል መሥራቱ የሚፈተሽበት መመሪያ፣ ደርድሮ ጠበቀኝ። ርዕስ አለው፣ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ በተራ የሚሠሩት ነገሮች አሉት፣ የሚጠበቀው ውጤት አለው። «ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» እያለ ቅድሚያ ሁሉ ሰጥቷቸዋል። እውነት ለመናገር ሳቄ መጣ። ያንን ሠንጠረዥ በኤክሴል ስሞላ ስንት ከሰዓት እንዳለፈብኝ አስቤ ነው።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ።

ሥራዬ ቴስተርነት ነው። ይሄን መሣሪያ ሦስት ወር ተጠቅሜበታለሁ። የተጻፈ መስፈርት ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ቴስት ኬዝ ያወጣላችኋል፤ ከፈለጋችሁ በኤክሴል፣ ከፈለጋችሁ ደግሞ በጌርኪን፣ ማለትም «ይህ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ሲደረግ፣ ይህ ይሆናል» በሚለው አጻጻፍ። ስሙን አልጠራም። የማማርርበት ነገር ስላለ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ሁለት መሰሎቹንም ነካክቼ ጠባያቸው ያው ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የሁሉም ሆድ ውስጥ ያለው ትልቅ የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ጽሑፍ የሚያመነጭ ኤአይ ነውና በሽታቸውም የጋራ ነው። ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ5 3 ተኩል። ግማሿን የጨመርኩለት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ እመጣበታለሁ።

መስፈርቷ ይቺ ነበረች፦ «ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን 5 ጊዜ ከተሳሳተ አካውንቱ ለ15 ደቂቃ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና መሞከር ይችላል።» የቀረው መስመር ስክሪኑ ላይ ስለሚወጣው መልእክት ነው።

ጎበዝ የሆነበትን አስቀድሜ ልናገር። ድንበር ላይ ጎበዝ ነው። 4 ጊዜ ተሳስቶ በ5ኛው ልክ ቢያስገባስ? 5 ጊዜ ቢሳሳትስ? ተቆልፎ እያለ ትክክለኛውን ቢያስገባስ? 14 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ቢሞክርስ? 15 ደቂቃው ልክ ሲሞላስ? አንዱንም አልሳተም። ሰው ግን ይስታል። በተለይ ሲስተሙ ነገ ይለቀቃል ተብሎ ማታ የሚጻፍ ቴስት ኬዝ «የተሳሳተ የይለፍ ቃል አስገባ፤ ስህተት ይታያል» ብሎ ነው የሚያልቀው። ባዶ መስክ፣ መቶ ምናምን ፊደል ያለው ጽሑፍ፣ ከፊቱ ስፔስ የገባበት የይለፍ ቃል፣ እነዚህን አሰልቺ ነገሮች ሳይሰለች ይዘረዝራል። ለዚህ ለዚህ አቦ ይመቸው።

ግን 41ዱን ሳበጥራቸው የቀሩት 19 ናቸው። «5 ጊዜ ሲሳሳት ይቆለፋል» የሚለውን አንድ ነገር በአራት ዓይነት አማርኛ ጽፎታል። አንዱ «በተከታታይ»፣ አንዱ «በተደጋጋሚ»፣ ሌላው ደግሞ የኢሜይል አድራሻውን ብቻ ቀይሮ። አለቃ ቁጥር አይቶ ደስ ይለዋል፤ እነዚያን ድግግሞሾች በየልቀቱ እያሄደ የሚያረጋግጠው ግን አለቃ አይደለም። አውቶሜት ሲደረጉም፣ ማለትም ኮምፒውተር ራሱ እንዲያሄዳቸው ሲጻፉም፣ ያው ናቸው። የመልእክቱ አንድ ቃል ተቀይሮ አራት ቦታ ሲሰበር ያኔ ይገባችኋል።

ድግግሞሹ ግን ቀላሉ ነው፣ ዴሊት ይደረጋል። የከበደኝ ሌላ ነው። ከ19ኙ አንዷ እንዲህ ትላለች፦ «የሚጠበቀው ውጤት፦ አካውንቱ ይቆለፋል፣ ለተጠቃሚውም የማሳወቂያ ኢሜይል ይላካል።» ኢሜይል? መስፈርቱን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። ኢሜይል የሚባል ነገር የለም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይሄ ነው።

እኔ ያየኋት ቀድሜ ቢሆን ጥሩ ነበር። አላየኋትም፤ ያኔ ገና ሙሉ በሙሉ አምኜው ነበር። አዲስ የገባች ልጅ ቴስት ኬዙን ተቀብላ ሠራችበት፣ ኢሜይሉን ጠበቀች፣ አልመጣም፣ ባግ (የሲስተሙ ስህተት) ብላ መዘገበች። ዴቨሎፐሩ መጣ። «ይሄ የት ነው የተጻፈው?» አላት። እሷም ቴስት ኬዙን አሳየችው። እሱ ደግሞ መስፈርቱን አሳያት። ከዚያ ሦስተኛ ሰው ገባ፣ «ግን እኮ ኢሜይል መኖር ነበረበት» አለ፣ አራተኛው «በፍጹም» አለ። ግማሽ ቀን ሄደ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላጣራ ነው ያስተላለፍኩላት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የነገሩ ሥር ይሄ ይመስለኛል። ቴስት ኬዝ ሁለት ግማሽ አለው። አንደኛው ምን አደርጋለሁ የሚለው ነው። ሁለተኛው ምን መሆን አለበት የሚለው። የመጀመሪያውን መገመት ይቻላል፣ እንዲያውም ግምት በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ማንም ያላሰበውን ነገር መሞከር ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛውን ግን መገመት አይቻልም። እሱ የሚመጣው ከመስፈርቱ ወይም ሲስተሙን ከሚፈልገው ሰው አፍ ነው። መሣሪያው ሁለቱንም በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ይጽፋቸዋል። መስፈርቱ ዝም ያለበት ቦታ ሲደርስ አይቆምም። አብዛኛው ሲስተም እንዲህ ያደርጋል ብሎ በማያውቀው ሰው ቤት የለመደውን ያደርጋል። የሚያስፈራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። አሥር ጊዜ ልክ ሆኖ በ11ኛው ሲስት እናንተ ማየት አቁማችኋል።

ዝምታ ስል አንድ የታወቀ ነገር ትዝ አለኝ። ሰኔ 4 ቀን 1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት በመጀመሪያ በረራዋ ከተነሳች 40 ሰከንድ እንኳ ሳትቆይ ተበታተነች። አቅጣጫዋን የሚከታተለው ሶፍትዌር ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር። አንድ 64 ቢት ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲቀየር አልገባ አለ፤ 16 ቢት ውስጥ ከ32,767 በላይ አይገባምና። አዲሷ ሮኬት ከቀድሞዋ ይልቅ ወደ ጎን ቶሎ ስለምትፈጥን ቁጥሩ ከልኩ አለፈ። መርማሪዎቹ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ የዚያ አቅጣጫ መከታተያ ዝርዝር መስፈርት ውስጥ የአሪያን 5 የበረራ መንገድ እንደ መስፈርት አለመግባቱ ነው። እንግዲህ ያንን ሰነድ ለዛሬ መሣሪያ ብንሰጠው ምን ያወጣል? የተጻፈውን ነው የሚፈትነው። በጣም ንጹሕ፣ በጣም የተደራጀ፣ አንድም የአዲሷ ሮኬት በረራ የሌለበት ቴስት ኬዝ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። «በላይ» የምትባለው ቃል አበሳዬን ነው ያሳየችኝ። «ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው መመዝገብ ይችላል።» 18 የሞላውስ? በአማርኛ እንዲህ ስንል አንዳንዴ 18ን ጨምረን ነው፣ አንዳንዴ ከ18 አልፈን ነው፤ ሰው እንደ ሁኔታው ይረዳዋል፣ ኮድ ግን አይረዳም። መሣሪያው 18 ላይ «ይከለከላል»፣ 19 ላይ «ይፈቀዳል» ብሎ ጻፈ። ፕሮዳክት ኦውነሩን፣ ማለትም ምርቱ ምን መሆን እንዳለበት የሚወስነውን ሰው፣ ስጠይቀው «18 የሞላው እንዴት ይከለከላል?» አለኝ፣ እንዲያውም ትንሽ ተቆጣ። በማግስቱ ያንኑ መስፈርት፣ ፊደል ሳልቀይር፣ እንደገና ሰጠሁት። አሁን 18 ይፈቀዳል አለ! ትናንት ያልከውስ? አያስታውስም። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሰጥታችሁት አንድ ዓይነት መልስ መጠበቅ አይቻልም፤ ሞዴሎቹ ሲሠሩ ከሚችሉት ቃል ውስጥ በዕድል የሚመርጡበት ቦታ አለ። ስለዚህ የወጣውን አንዴ አስቀምጡት። መስፈርት በተቀየረ ቁጥር ሁሉንም አዲስ አስወጥታችሁ አሮጌውን አትጣሉ። እኔ ጥያለሁ። የተቀየረው መስመር አንድ ሆኖ ሳለ ሠላሳ ቴስት ኬዝ ስማቸው ተቀይሮ መጣ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያባከንኩት ጊዜ ያሳፍራል።

ከብዙ ሁኔታ የተሠራ ደንብ ሲሆንም ተጠንቀቁ። ሦስት ሁኔታ ያለው የቅናሽ ደንብ ነበረን፦ ደንበኛው ነባር ነው ወይ፣ ግዢው ከተወሰነ መጠን ያልፋል ወይ፣ ኩፖን አለው ወይ። እያንዳንዱ አዎ ወይም አይደለም ስለሆነ ስምንት ጥምረት ነው፣ ሂሳቡ ይሄው ነው። አምስት አወጣልኝ። «መጀመሪያ የውሳኔ ሠንጠረዥ (እያንዳንዱ ጥምረት ከነውጤቱ የሚሰፍርበት) ሥራ፣ ከዚያ ከሠንጠረዡ ቴስት ኬዝ አውጣ» ስለው ስምንቱም መጡ። ከስምንቱ ሁለቱ ላይ ደግሞ መስፈርቱ ምንም አይልም፤ ነባርና ኩፖን ያለው ሰው ሁለቱንም ቅናሽ ያገኛል ወይስ አንዱን? ይሄ እንግዲህ እውነተኛ ግኝት ነው። በአንድ ሲተኮስ ግን አልታየም ነበር።

ጥምረቱ ሲበዛ በጭራሽ አትመኑት። አራት ነገሮች እያንዳንዳቸው ሦስት አማራጭ ቢኖራቸው ሁሉንም መሞከር 81 ነው፤ ጥንድ ጥንዱን ብቻ መሸፈን፣ ማለትም የማንኛውም ሁለት ነገሮች አማራጮች ቢያንስ አንዴ አብረው እንዲሞከሩ ከተፈለገ ግን በ9 ያልቃል። መሣሪያው «ጥንዶቹን በሙሉ ሸፍኛለሁ» አለኝ። በእጄ ስቆጥር የጎደሉ ጥንዶች አገኘሁ። እሱ መቁጠሪያ አይደለም፣ ቋንቋ ነው የሚያውቀው። ለዚህ ሥራ ማይክሮሶፍት በነፃ ያወጣው ፒክት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ መልኩ የድሮ ነው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነው የሚሠራው፣ ግን አይዋሽም። ለእያንዳንዱ ሥራ ልኩን መሣሪያ ነው እንጂ ለምን ገጣሚ ሂሳብ አስሠራለሁ?

በአማርኛ የተጻፈ መስፈርት ስሰጠውስ? ከጠበቅኩት ይሻላል። ግን የእኛ አጻጻፍ ራሱ ወጥመድ አለው። «ማረጋገጫው ይላካል» እንላለን። ማን ነው የሚልከው? ሲስተሙ? የሒሳብ ሠራተኛው? ለማን? ግሡ ባለቤቱን ደብቆ ያልፋል፣ መሣሪያውም የመሰለውን ባለቤት ይሰጠዋል። «ቁልፍ» የሚለው ቃል ደግሞ ጉድ አፈላ፦ የሚጫኑት ቁልፍ፣ አካውንት የሚቆለፍበት፣ ምስጢር የሚጠበቅበት ቁልፍ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ። «ቁልፉ ተከፍቶ ቁልፉ መጫኑን አረጋግጥ» የሚል ቴስት ኬዝ አሁንም አለኝ፣ ለትዝታ አስቀምጬዋለሁ።

ራሱ ያላሰባቸው ነገሮችም አሉ። ስም መፈለጊያ ላይ «ዓለም» ብሎ የተመዘገበውን «አለም» ብለን ስንፈልገው ይገኛል ወይ? «ፀሐይ»ን በ«ጸሀይ»ስ? አንድም አላመጣም። የፊደል ቁጥር ገደብም ላይ እንደዚሁ። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ 50 የሚለው ገደብ በባይት ተቆጥሮ ከሆነ 16 ፊደል ላይ ያበቃል፣ ላቲን ብቻ አስገብቶ የሞከረ ሰው ግን በሕይወቱ አያየውም። አንዴ ስነግረው ወዲያው ገባው፣ ከዚያ በኋላ በየመስፈርቱ መመሪያው ላይ ጨምሬ እሰጠዋለሁ። ሲነግሩት ይሰማል፤ ካልነገሩት ግን የራሱን ዓለም ነው የሚፈትነው።

ሌላ የማልወደው ነገር የመሣሪያው አረንጓዴ ዳሽቦርድ፣ ውጤቱን የሚያጠቃልለው ስክሪን ናት። እያንዳንዱ ቴስት ኬዝ ከየትኛው መስፈርት እንደመጣ ቁጥሩን ይለጥፍበታል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ እንደ አውሮፕላን ሶፍትዌር ባሉ ዘርፎች ከመስፈርት ወደ ቴስት፣ ከቴስት ወደ መስፈርት መከታተል ግዴታ ነው። ነገር ግን ያቺ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ኢሜይል ላይም የመስፈርት ቁጥር ለጥፎባት ነበር። ዳሽቦርዱ ደግሞ «ሽፋን 100 በመቶ» ይላል። ምን ማለት ነው? እያንዳንዱ መስፈርት ቢያንስ አንድ ቴስት ኬዝ አለው ማለት ብቻ። ቴስቱ ረብ ያለው ይሁን፣ የማይረባ ይሁን፣ ጉዳዩ አይደለም። ስብሰባ ላይ ይሄንን ስክሪን አታሳዩ፣ ምክሬ ነው። አንዴ ከታየ በኋላ «100 ከሆነ ምን ቀረን ታዲያ?» ለሚል ሰው ማስረዳት ከቴስቱ በላይ ያደክማል።

የሰነድ ምስጢር ነገርም አለ። የምትለጥፉት ጽሑፍ ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር ነው የሚሄደው። ገና ያልወጣ ምርት ዝርዝር፣ የደንበኛ ስም ያለበት ምሳሌ፣ እነዚህን ከመለጠፋችሁ በፊት ውሉ ምን እንደሚል እዩ፣ ድርጅታችሁንም ጠይቁ።

አሁን ወደዚያች ግማሽ ነጥብ። ሁለተኛው ወር አካባቢ ተበሳጭቼ «ቴስት ኬዝ አትጻፍ። ይሄን መስፈርት ለመፈተን የማታውቀውን ነገር ብቻ ጠይቀኝ» ብዬ ጻፍኩለት። ያቺኑ የይለፍ ቃል መስፈርት ነው የሰጠሁት። የመጣውን ተመልከቱ፦ 5 ጊዜ የሚለው በተከታታይ ነው ወይስ በድምሩ? በመሐል አንዴ ልክ ካስገባ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል? የሚቆጠረው በአካውንት ነው ወይስ በስልክና በኮምፒውተር ለየብቻ? ተቆልፎ እያለ ቢሞክር 15 ደቂቃው እንደ አዲስ ይጀምራል? የይለፍ ቃል መቀየሪያው ቁልፉን ይፈታዋል? ሌላ ሰው ሆን ብሎ እየተሳሳተ የእኔን አካውንት ሊያስቆልፍ ይችላል ወይ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ከወንበሬ ተነሳሁ። ይሄ ሲስተም ሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል እኮ! ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ያውም ሥራዬ ሆኖ።

ከዚያ ወዲህ አጠቃቀሜ ተገለበጠ። መጀመሪያ ጥያቄ ብቻ አስጠይቀዋለሁ። መልሱን ከሚያውቀው ሰው አመጣለሁ። ከዚያ መስፈርቱን በአጭር በአጭሩ እንደገና እጽፈዋለሁ፦ «ይህ ሲሆን ሲስተሙ ይህን ያደርጋል»፣ «ይህ ያልተፈለገ ነገር ከተከሰተ ሲስተሙ ይህን ያደርጋል።» አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ድርጊት። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ኢርስ የሚባል አጻጻፍ ነው፣ ሮልስ ሮይስ ውስጥ የአውሮፕላን ሞተር መስፈርት ሲጽፉ የነበሩ መሐንዲሶች ናቸው በ2009 ያስተዋወቁት። እንዲህ ተጽፎ ሲሰጠው ያው መሣሪያ ሌላ ሰው ይሆናል። ድግግሞሹ ይቀንሳል፣ የፈጠራ ኢሜይሉ ይጠፋል ማለት ይቻላል። በመጨረሻም አንድ መመሪያ እጨምርበታለሁ፦ የሚጠበቀውን ውጤት ከመስፈርቱ ቃል በቃል ጥቀስ፣ የምትጠቅሰው ከሌለ «አልተጻፈም» በል። «አልተጻፈም» የሚለውን ቃል እንደዚህ እወደዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ታዲያ ጊዜ ቆጠበልኝ ወይ? ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ በጣም ቀንሷል። ለማንበብና ለመጠየቅ የሚፈጀው ደግሞ ጨምሯል። ሲደመር ትንሽ አተርፋለሁ፣ ብዙ አይደለም። አዲስ ቴስተር ብቻውን እንዲጠቀምበት አልመክርም፤ የሚያምር ሠንጠረዥ ሲያይ ማን ይጠራጠራል? መስፈርት የሚባል ነገር በጽሑፍ የሌለበት፣ ሁሉም በአፍ የሚነገርበት ቡድን ከሆናችሁ ደግሞ ጭራሽ አትልፉ።

በዚህ ሳምንት አዲስ መስፈርት መጣልኝ፣ ክፍያ ስለ መመለስ ነው፣ አንድ ገጽ ተኩል። ሰጠሁት፤ 14 ጥያቄ አወጣ። አሥራ አራቱንም ለፕሮዳክት ኦውነሩ ላክኩለት። ሦስቱን ወዲያው መለሰ። ለቀሩት «ስብሰባ እንያዝ» አለኝ። ስብሰባው ማክሰኞ ነው፤ ቴስት ኬዝ የሚለውን ቁልፍ እስካሁን አልነካሁትም።